ማኅበራዊ ቡድንን ለማስተማር የዕድር ደንብ ይዘሽ ግቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። 9ኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት ታስተምሪያለሽ። ማኅበራዊ ቡድኖችን ስታነሺ ገሚሱ ተማሪ ትርጉሙን ሸምድዶ ዝም ይላል። ገሚሱ ደግሞ ምሳሌ ስጡ ሲባል ቀጥታ ብሔርና ሃይማኖት ውስጥ ገብቶ ይጨቃጨቃል። "ከየት ልጀምር?" ነው ያልሽው።

ከዕድር ጀምሪ። ባህላችን ድንቅ ነው ብሎ ለማለፍ አይደለም፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። መተዳደሪያ ደንቡን ይዘሽ ግቢ።

ደንቡ ላይ የመግቢያ ክፍያው፣ ወርሃዊ መዋጮው፣ ቀብር የቀረ ሰው ቅጣት፣ የዳኛው፣ የጸሐፊውና የገንዘብ ያዡ ሥራ ሁሉ አለ። ከሁሉ የምትበልጠው ግን የክፍያ ዝርዝሯ ናት። አባሉ ራሱ ሲሞት ይህን ያህል፣ ባል ወይም ሚስት ይህን ያህል፣ ከዚያ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድምና እህት እያለ ይወርዳል። ዝርዝሩ ከዕድር ዕድር ይለያያል። ስለዚህ የሁለት ዕድሮችን ዝርዝር ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጻፊና ዝም በይ። ጥያቄውን እነሱ ያመጡታል። የሚስት እናት እዚህ አለች፣ እዚያ ለምን የለችም? ያሳደገችኝ አያቴ ብትሆንስ? አብራን የምትኖረው የቤት ሠራተኛ ብትሞትስ? ተከራይ ይገባል ወይስ ባለቤት ብቻ? ሰፈር የለቀቀ ሰውስ?

የቤት ሠራተኛዋ ጥያቄ ስትነሳ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አትቸኩዪ፣ ተያቸው።

እዚህ ሲደርሱ ቡድን ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ማን ይገባል፣ ማን ውጭ ይቀራል፣ የገባ ምን ያገኛል፣ ምን ይከፍላል፣ ደንብ የጣሰ ምን ይደርስበታል። በእነዚሁ ጥያቄዎች ዕቁቡንም፣ የጽዋ ማኅበሩንም፣ አፎቻ የሚባለውን የሐረር መረዳጃ ማኅበርም፣ የአርሴናል ደጋፊውንም መመርመር ይችላሉ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ውይይቱን ግን በሚቀናቸው ቋንቋ ፍቀጂላቸው።

ቻርልስ ኩሊ የሚባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1909 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውን የመጀመሪያ ደረጃ ቡድን አሁን አምጪው። ቤተሰብ፣ የልጅነት ጓደኛ፣ ጎረቤት፤ ፊት ለፊት የሚተዋወቁ፣ ቅርበታቸው የጠነከረ። ከዚያ "ዕድር የትኛው ነው?" በያቸው። የተጻፈ ደንብ አለው፣ ቅጣት አለው፣ ሒሳብ አለው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም ከቅርበት ይልቅ ለአንድ ዓላማ በደንብ የተሰባሰበ ቡድን ነው የሚሉ አሉ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ተክሎ፣ ወጥ ሠርቶ፣ አብሮ የሚያመሸው ማነው ታዲያ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ይህንኑ ፈተና ላይ አወጣዋለሁ፤ ማርክ የምሰጠውም ለምክንያታቸው ነው። "ቲቸር፣ መልሱ የቱ ነው?" ብለው ማስጨነቃቸው አይቀርም።

በነገራችን ላይ፣ ብዙዎቹ ዕድርን ከጥንት ከጠዋቱ የነበረ ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የተስፋፋው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዘመዱን አገር ቤት ትቶ ከተማ የገባ ሰው ቀባሪ ያስፈልገዋል። ይህን ሲሰሙ ቡድን በሰው እጅ የሚሠራ ነገር መሆኑን ያያሉ።

ወደ ጭቅጭቁ ልምጣ። ብሔርን አትሽሺው፣ ግን መጀመሪያ አታምጪው። ከሱ በፊት የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የሄንሪ ታጅፈልን ሙከራ ንገሪያቸው። ታጅፈል በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ ቤተሰቡ በናዚዎች አልቋል። በኋላ እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ውስጥ፣ 14 እና 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ሰበሰበ። ያንቺ ተማሪዎች እኩያ ማለት ነው። በስክሪን ላይ ነጠብጣብ አሳያቸውና ስንት እንደሆነ አስገመታቸው። ከዚያ "አንተ አብዝተው ከሚገምቱት ነህ፣ አንተ ደግሞ አሳንሰው ከሚገምቱት" ተባሉ። እውነቱ ግን ምደባው በዘፈቀደ ነበር። ቀጥሎ ለሌሎች ልጆች ገንዘብ እንዲያካፍሉ ተደረገ። ስም የለም፣ የሚታየው ቁጥርና ቡድን ብቻ ነው። ለራሳቸው መስጠትም አይችሉም። ያም ሆኖ ለየቡድናቸው አደሉ። ይባስ ብሎ፣ ከሌላው ለመብለጥ ሲሉ የራሳቸው ቡድን የሚያገኘውን መቀነስ የመረጡም ነበሩ። ውጤቱ በ1970 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ተማሪዎች ይስቃሉ። "በነጠብጣብ?" ይላሉ። ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ ወደራሳችን ጉዳይ ያመጣዋል። ያኔ ነው በሩን የምትከፍችው። ሕጉ አንድ ነው፦ "እነሱ እንዲህ ናቸው" አይባልም፤ ቡድኑ እንዴት እንደሚሠራ ይነገራል። ለምሳሌ ገዳ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ የሚያስረክበው እንዴት ነው? ማን ይገባል? ማን ውጭ ይቀራል? ያው የዕድሩ ጥያቄ ነው።

ሙከራውን ግን ክፍል ውስጥ አትሥሪው። በ1968 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ጄን ኤሊየት የምትባል መምህርት ተማሪዎቿን በዓይን ቀለም ከፍላ አንዱን አክብራ ሌላውን ዝቅ ያደረገችበትን የሚያደንቁ መምህራን አሉ። እኔ አይመቸኝም። ልጆቹ ማታ በአንድ መንገድ ነው ወደ ቤት የሚሄዱት፤ ውጭ ያለው መለያየት ይበቃቸዋል።

ለቤት ሥራ ተማሪዎቹ በትንንሽ ቡድን ሆነው የቡድናቸውን ደንብ ይጻፉ። ማን ይመራል፣ ሥራ ያልሠራ ምን ይሆናል። የገንዘብ ቅጣት ከልክዪ፤ አለዚያ አይማማሩም። አንዱ ቡድን ያረፈደ ለሁሉም ሳምቡሳ ይግዛ ብሎ ነበር፤ እሱን በማስጠንቀቂያ አስቀየርኳቸው።

ደንቡን ለማግኘት የሰፈርሽን ዕድር ጸሐፊ አናግሪ። የአባላት ስምና የክፍያ መዝገብ ግን ክፍል አይግባ። ከቻልሽ አንዱ የሴቶች ዕድር ደንብ ይሁን፤ እሱ ብቻውን 40 ደቂቃሽን ይጨርሰዋል።