ፐርፕል ሃርት ላልተመዘገበለት ወታደር፦ ጥያቄና መልስ

በዲቪ፣ በቤተሰብ፣ ወይም በ2009 አማርኛ ለሚችሉ የውጭ ዜጎች ጭምር በር በከፈተው ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም በኩል የአሜሪካ ጦር የገቡ የጎጃም ልጆች አሉ። ኢራቅ ወይም አፍጋኒስታን በጠላት ቆስለው፣ ለእንዲህ ያለ ቁስል የሚሰጠው ፐርፕል ሃርት የተባለ ሜዳልያ ዲዲ 214 በተባለው መሰናበቻ ወረቀታቸው ላይ ሳይሰፍር የወጡም አሉ። ከእነሱና ከቤተሰቦቻቸው የመጡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን እገልጻለሁ።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ በ2011 ካንዳሃር አካባቢ የተቀበረ ፈንጂ መኪናችንን መታው። ክንዴ ላይ ፍንጣሪ ገብቶ ጦር ሰፈሩ ክሊኒክ ውስጥ አወጡልኝ። ዲዲ 214 ላይ ግን ምንም የለም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ በእጅህ ያለው ዲዲ 214 የትኛው ቅጂ እንደሆነ እይ። «ሜምበር 4» የሚል ካለበት ሙሉው ነው። «ሜምበር 1» ከሆነ የስንብቱ ዓይነትና ምክንያቱ የሚጻፉባቸው የታችኞቹ ሣጥኖች የሉበትም፤ ለዚህ ጉዳይ አይበቃም። ሜዳልያ የሚሰፍረው ሣጥን 13 ላይ ነው። ሣጥን 18 ደግሞ የት እንደዘመትክ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደቆየህ ይይዛል። የቆሰልክበት ቀን በዚያ ጊዜ ውስጥ መውደቁን አረጋግጥ፤ ካልወደቀ እሱም አብሮ ይታረም ብለህ ጠይቅ።

ከዚያ ነገሩ ሁለት መንገድ አለው። ሽልማቱ በትእዛዝ ተሰጥቶህ ጸሐፊው 214 ላይ ሳያሰፍረው ቀርቶ ከሆነ ቀላል ነው፤ የትእዛዙን ቅጂ አያይዘህ ስትጠይቅ ዲዲ 215 የተባለ የማረሚያ ወረቀት ይወጣልሃል። ዋናው 214 እንዳለ ይቀመጣል፣ 215ቱ ከእሱ ጋር ይያያዛል፤ ወደፊት የትም ስታቀርብ ሁለቱን አንድ ላይ አቅርብ። ትእዛዝ ጭራሽ ካልወጣ ግን የምትጠይቀው ሽልማቱን ራሱን ነው። ለምድር ጦር ይህ የሚሄደው ኬንታኪ፣ ፎርት ኖክስ ወዳለው የሰው ኃይል ዕዝ የሽልማት ክፍል ነው። እሱ እምቢ ካለ በዲዲ 149 ቅጽ ወደ መዝገብ አራሚው ቦርድ ትሄዳለህ። ብዙ ሰው የሽልማት ክፍሉን ዘሎ በቀጥታ ለቦርዱ ያመለክትና ፋይሉ ሳይታይ ይመለስበታል፤ ቦርዱ ከሱ በታች ያለው በር ሁሉ ተንኳኩቶ ማለቁን ይፈልጋል።

ማኅደርህን ሳትይዝ ግን ማመልከቻ አትጻፍ። የአገልግሎት ማኅደርህን ሴንት ሉዊስ ካለው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ኤስኤፍ 180 በተባለው ቅጽ ወይም በኢንተርኔት ትጠይቃለህ። የሕክምና ማኅደር ለብቻው ነው፤ ከኦክቶበር 1992 ወዲህ የተሰናበተ የምድር ጦር አባል ከሆንክ በቪኤ፣ ማለትም በቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኩል ነው የሚገኘው። በ20-10206 ቅጽ ጠይቅ፤ «የአገልግሎት ዘመን የሕክምና ማኅደሬን በሙሉ» ብለህ ጻፍ። ዝም ብለህ «ማኅደሬን» ካልክ የሚደርስህ ሌላ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ መስፈርቱ ምንድን ነው? አዛዤ ቢፈርምልኝ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ደግሞም አዛዥህ ስላልወደደህ አይቀርብህም። ፐርፕል ሃርት እንደ ጀግንነት ሜዳልያ በጥቆማ የሚሰጥ አይደለም፤ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ የሚገባ ነው። ሦስት ነገር በወረቀት መታየት አለበት፦ ቁስል ወይም ጉዳት መኖሩ፣ ያደረሰው ጠላት መሆኑ፣ በሕክምና መኮንን መታከሙ ወይም ቁስሉ እንዲህ ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው መሆኑ። ሕክምናው በማኅደር መስፈር አለበት። ከሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው መካከለኛው ነው። የክሊኒኩ ወረቀት «ቀኝ ክንድ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ቁስል፣ ባዕድ ነገር ወጥቷል፣ ተሰፍቷል» ይልና ከምን እንደመጣ አይናገርም። ስለዚህ ያንን ቀን ከፈንጂው ጋር የሚያያይዝ ሌላ ወረቀት ትፈልጋለህ፦ የጉዳተኛ ሪፖርት፣ የሻለቃው የዕለት ክስተት መዝገብ፣ ወይም በዚያው ቀን ለተመሳሳይ ፍንዳታ ለሌላ ሰው የወጣ የፐርፕል ሃርት ትእዛዝ። ይህ የመጨረሻው ወርቅ ነው፤ ያው መኪና ውስጥ የነበረ ጓደኛህ ካገኘ ቅጂውን ለምነው።

የማያስገኙትንም እወቅ፦ ሕመም፣ የሙቀት ምት፣ የመኪና መገልበጥና መሰል ጠላት የሌለበት አደጋ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ቃጠሎ፣ የመስማት መቀነስና የጆሮ መጮህ፣ ከጦርነት የመጣ የመንፈስ ጭንቀት። የመጨረሻው ብዙዎችን ያሳዝናል፤ ደንቡ ግን ይኸው ነው። የወገን ጥይት በውጊያ መካከል ጠላትን ለመምታት ሲተኮስ ካቆሰለህ ግን ይቆጠራል።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ፦ ደም አልወጣኝም። ሞርታር አጠገቤ ወድቆ ራሴን ሳትኩ፤ ከዚያ ወዲህ ራስ ምታትና መርሳት አለብኝ።

መልስ፦ የጭንቅላት መናወጥ ይቆጠራል። የምድር ጦር በ2011 መመሪያውን ግልጽ አድርጓል፦ በጠላት ፍንዳታ ምክንያት ራስህን ስተህ ከሆነ፣ ወይም ምልክቱ ሳይለቅህ ከ48 ሰዓት በላይ ከሙሉ ሥራ ታግደህ ከሆነ፣ ይህም በሐኪም ከተመዘገበ፣ ብቁ ነህ። ስለዚህ በማኅደርህ ውስጥ «ሜስ» የሚባለውን የመናወጥ መመርመሪያ ቅጽና ከሥራ የታገድክበትን ወረቀት ፈልግ። እገዳው «24 ሰዓት ይረፍ» ብሎ ተጽፎ በማግስቱ ታድሶ ከሆነ ሁለቱንም አቅርብ፤ አንዱን ብቻ ያየ ሰው 48 ሰዓቱ አልሞላም ብሎ ይጥልብሃል።

ጃንዋሪ 8 ቀን 2020 ኢራን አል አሳድ የተባለውን የኢራቅ ጦር ሰፈር በባለስቲክ ሚሳይል ስትመታ ከ100 በላይ ወታደሮች የአንጎል ጉዳት ተገኝቶባቸዋል። በመጀመሪያ ፐርፕል ሃርት የተሰጠው ለ29 ነበር፤ ፋይሎቹ እንደገና ታይተው በ2021 መጨረሻ 39 ተጨመሩ። አንዴ እምቢ መባል የመጨረሻ እንዳልሆነ ከዚህ ተረዳ።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ቪኤ ለቆሰለው ክንዴ የጉዳት መቶኛ ሰጥቶኛል። መንግሥት ራሱ አምኖ የለ?

መልስ፦ ቪኤ ያመነው ጉዳቱ በአገልግሎት ዘመንህ መድረሱን ነው። ማን እንዳደረሰው አይመረምርም፤ ስፖርት ስትሠራ ብትሰበርም መቶኛ ይሰጥሃል። የቪኤን ውሳኔ ብቻ አያይዞ ለላከ ሰው መልሱ ይኸው ነው። ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም፤ የቪኤ ሐኪም «ጠባሳው ከፍንጣሪ ቁስል ጋር ይስማማል» ብሎ ጽፎ ከሆነ ያንን ገጽ ለይተህ አስገባ። ሙሉውን የመቶ ገጽ ክምር አትላክ።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ እዚህ ሆስፒታል ኤክስሬይ ተነሥቼ ትከሻዬ ውስጥ ብረት ታየ። ይረዳኛል?

መልስ፦ ይረዳል፣ ግን በደጋፊነት። ብረቱ መኖሩን እንጂ ከየት እንደመጣ አያሳይም። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ስንት ቁራጭ እንደሆነ፣ በሚሊ ሜትር መጠኑን፣ የትኛው አጥንት አጠገብ እንዳለ እንዲጽፍልህ ጠይቅ፤ «ባዕድ ነገር ታይቷል» ብቻ ደካማ ነው። ሥፍራው በቆሰልክበት ጊዜ ከተጻፈው የክሊኒክ ወረቀት ጋር ሲገጥም ነው ክብደት የሚያገኘው። በነገራችን ላይ ኤምአርአይ ሊያነሡህ ሲሉ ብረት እንዳለብህ ቀድመህ ተናገር፤ ማግኔቱ ብረቱን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ወረቀቱ አማርኛ ካለበት ፈቃድ ባለው ተርጓሚ አስተርጉመህ ዋናውን ቅጂ ከትርጉሙ ጋር አያይዝ። ቀኑን እንዲቀይር አስታውሰው፤ ጥቅምት 5 ቀን 2003 በኢትዮጵያ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2010 ነው። ሰዓቱም እንደዚያው፤ «ሌሊት 8 ሰዓት» ብለህ የተውከው ለእነሱ ምሽት ይሆናል። ወርን በቁጥር አትጻፍ። አሜሪካዊ ወርን ያስቀድማል፣ እኛ ቀንን፤ 05/07 ሁለት ቀን ነው። ጦሩ ራሱ «05 ጁል 2011» እያለ የሚጽፈው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፦ የሕክምና ወረቀቴ ጭራሽ የለም። ቁስሌን እዚያው መሬት ላይ ነው ያሰሩልኝ።

መልስ፦ ሜዳ ላይ የሚሞላው ዲዲ 1380 የተባለ ትንሽ ካርድ ነው፤ ቁስለኛው ላይ ታስሮ ይሄዳል። ሄሊኮፕተር ላይ ሲጫን፣ ልብስ ሲቀደድ፣ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲያልፍ ይጠፋል፤ የካርዱ አለመገኘት ብቻውን አይገርማቸውም። በምትኩ የሚቀርበው የዓይን ምስክር ቃል ነው። ከአንተ ሌላ ቢያንስ ሁለት፣ በቦታው የነበሩ ሰዎች ይሁኑ። ያከመህ ሰው አንዱ ከሆነ የበለጠ ነው።

ምስክሩ «ጥሩ ወታደር ነበር» ብሎ ከጻፈ ወረቀት አባከነ። የሚጽፈው፦ ማዕረጉንና የነበረበትን ሻምበል፣ ከአንተ በስንት ሜትር ርቀት እንደነበረ፣ ምን እንደፈነዳ፣ የትኛው የሰውነትህ ክፍል ሲደማ እንዳየ፣ ቁስልህን ማን እንዳሰረልህ፣ ከዚያ ወዴት እንደተወሰድክ ነው። ያላየውን «ሰምቻለሁ» ብሎ ይለይ። የሦስት ምስክር ቃል በቃል አንድ ዓይነት ሆኖ ከመጣ ደግሞ አንድ ሰው እንደጻፈው ይታወቃል። ትንንሽ ልዩነት አይጎዳህም።

መሐላውን በተመለከተ ለዚህ ብቻ ብላችሁ የዓባይን በረሃ አቋርጣችሁ አዲስ አበባ ኤምባሲ ድረስ መሄድ የለባችሁም። የኤምባሲው ማረጋገጫ በማኅተም 50 ዶላር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ያለ ማኅተም የተፈረመ ቃልንም እንደ መሐላ ይቀበላል፣ ዓረፍተ ነገሩ በትክክል ከገባ። ፈራሚው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ «በአሜሪካ ኅብረት መንግሥታት ሕግ መሠረት፣ በሐሰት ብመሰክር እንደምቀጣ አውቄ፣ ከላይ የተጻፈው እውነትና ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለው በእንግሊዝኛ ሰፍሮ ቀንና ፊርማ ይከተለዋል። «በአሜሪካ ሕግ መሠረት» የሚለው ከተዘለለ ውጭ አገር የተፈረመው ዋጋ ያጣል። ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፣ ከደጀን፦ ከተሰናበትኩ ዐሥር ዓመት አልፎኛል።

መልስ፦ ለሽልማት ክፍሉ የጊዜ ገደብ የለም። ለቦርዱ ስህተቱን ካወቅህ በኋላ ሦስት ዓመት ነው፤ ቦርዱ ግን ለፍትሕ ሲል ሊያልፈው ይችላል፣ ማስረጃው ጠንካራ ሲሆንም ያልፈዋል። ቅጹ ላይ ለምን እንደዘገየህ የሚጠይቅ ሣጥን አለ። ባዶ አትተወው፤ «ማኅደሬን ያገኘሁት በዚህ ቀን ነው» ብለህ የመጣበትን ደብዳቤ አያይዝ። ለመልሱ አትቸኩል፤ አብዛኛው ማመልከቻ በ10 ወር፣ ሁሉም በ18 ወር ውስጥ እንዲያልቅ ነው ሕጉ የሚለው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ልጄ አሜሪካ ሳለ አረፈ። ቁስሉን እኔ አውቃለሁ፤ በእናትነቴ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ነፍሱን ይማር፣ እናቴ። ይችላሉ። ሌላ ያላገባች ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት ማኅደር መጠየቅ ይፈቀድላቸዋል። የሞቱን ማስረጃ ያያይዙ፤ እዚያ ስላረፈ የግዛቱን የሞት የምስክር ወረቀት ያስመጡ። እርስዎ እናቱ መሆንዎን የሚያሳይ የልደት ወረቀትም ከትርጉሙ ጋር ያስፈልጋል። ከዘመቻ የላከልዎት ደብዳቤ ወይም የቁስሉ ፎቶግራፍ ካለ ይፈልጉት፤ ቀን ያለበት የፖስታ ማኅተም ብዙ ይናገራል።

ጥያቄ፣ ከብቸና፦ አያቴ ኮርያ ዘምቶ ቆስሏል። እሱስ?

መልስ፦ ፐርፕል ሃርት ለአሜሪካ ጦር አባላት ብቻ ነው። የቃኘው ሻለቃ ከ1951 ጀምሮ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋግቶ 121 ሰዎች ሞተውበት 536 ቆስለውበታል፤ ወታደሮቹ ግን የኢትዮጵያ ነበሩ። በዚህ በር አትድከም።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ ሜዳልያው ከክብር ሌላ ምን ያስገኛል? ደግሞ አንድ ሰው በብር እጨርስልሃለሁ ብሎኛል።

መልስ፦ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኋላ ቆስሎ በክብር የተሰናበተ ሰው ከኦገስት 2018 ጀምሮ የአገልግሎቱ ርዝመት ሳይታይ የትምህርት ጥቅሙን መቶ በመቶ፣ እስከ 36 ወር ያገኛል። በቪኤ ሆስፒታል ቢያንስ ሦስተኛውን የቅድሚያ ምድብ ያገኛል። ባሕር ዳር እየኖርክ ለታወቀልህ ጉዳት ብትታከም ቪኤ በውጭ አገር ሕክምና ፕሮግራሙ ይከፍላል፤ እሱ ግን የሚቆመው በመቶኛው ነው፣ ሜዳልያውን አይጠብቅም።

ሰውየውን ተወው። የአሜሪካ ሌጅን፣ ዲኤቪና ቪኤፍደብልዩ የሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በነጻ ያግዛሉ። ለመጀመሪያ የቪኤ ጥያቄ ክፍያ መቀበል በሕግ ክልክል ነው። ለቦርድ ክርክር ጠበቃ ሊያስከፍል ይችላል፣ ያ ሌላ ነው።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ ቦርዱ ከልክሎኛል። አለቀ?

መልስ፦ የውሳኔውን «ውይይት» ክፍል አንብብ፤ የቱ ወረቀት እንደጎደለ እዚያ ተጽፏል። ከዚህ በፊት ያላቀረብከው አዲስ ማስረጃ ካለህ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ትችላለህ። ያንኑ ፋይል በረዘመ ደብዳቤ ብትልከው ግን ይመለሳል። ሁለተኛ ጊዜ ስታስገባ ስምህ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እይ፤ ጦሩ የአያትህን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞት፣ ምስክሮችህ በአባትህ ስም ጽፈውህ፣ የባሕር ዳሩ ሆስፒታል ደግሞ በሌላ ፊደል አጻጻፍ አስፍሮህ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ አንድ ገጽ፣ ከፓስፖርትህ ቅጂ ጋር ከፋይሉ ፊት አስቀምጥ።