ሁለተኛው አልበም ፍጥነቱ ቀነሰ እንጂ አልደከመም

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አዘጋጆች? ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ዴዝ ሜታል (ያ በጣም ከባዱ የሮክ ሙዚቃ) መስማት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። የሞርቢድ ኤንጅል ባንድ የመጀመሪያ አልበም፣ አልታርስ ኦፍ ማድነስ፣ ነፍሴ ነው፤ ሁለተኛው ብለስድ አር ዘ ሲክ ግን ቀዘቀዘብኝ፣ መሀሉ ላይ ጭራሽ ለስላሳ ጊታር ምናምን ይገባል። ለምንድነው እንደዚህ የተለሳለሱት?

መልስ፦ ወንድሜ አልተለሳለሱም! እስቲ በምንድነው የምትሰማው? በሞባይሉ ስፒከር ከሆነ ቤዙ የለም ማለት ነው፣ ፈጣኑ አልበም እንደዛም ሆኖ ያስኬዳል፣ ይሄኛው ግን ያለ ቤዝ ግማሹ ይቀራል።

አንኮበር አያቴ ቤት ጎረቤት የነበሩ ሽማግሌ በሁዳዴ በገና ይደረድሩ ነበር፣ እና ከመጀመራቸው በፊት ብርኩማው ላይ (አውታሮቹ የሚያርፉበት) እንዝራዋን፣ ያቺን ትንሽ ቆዳ፣ ከአውታሩ ስር ገፋ ሳብ እያደረጉ ቆይተው ልክ ቦታዋ ስትገባ ያ ድዝዝዝ የሚለው ድምፅ ይመጣል፣ ከዛ አንዱን አውታር ነክተው ድዝታው እስኪያልቅ ይጠብቁታል። የበገናን ክብር ከሜታል ግጥም ጋር እያነፃፀርኩ አይደለም፣ እሱ ሌላ ነው፣ የማወራው ስለ ድምፁ ብቻ ነው። ወፍራም ድዝታ ጊዜ ይፈልጋል። የጊታር ዲስቶርሽንም፣ ያ የሚሻክረው ድምፅ፣ እንደዛው ነው፤ በመጀመሪያው፣ በ1989 (በፈረንጆቹ) አልበም ላይ ፒት ሳንዶቫል ድራሙን በብላስት ቢት (በጣም ፈጣን በሆነው አመታት) ሲያስሮጠው ሪፎቹ (የሚደጋገሙት የጊታር ዜማዎች) እየተደራረቡ ያልፋሉ፣ በሁለተኛው፣ በ1991ዱ ግን ፎል ፍሮም ግሬስ የሚለው ዘፈን ሲጀምር እያንዳንዱ ምት እስኪያርፍ ይተውታል፣ የዘፋኙ የዴቪድ ቪንሰንትም ድምፅ ወርዶ ወፍሯል። እኔ ከመጀመሪያው አልበም የበለጠ ከብዶ የሚሰማኝ ይሄ ነው።

ደሞ ተቀየሩ የምትለው ነገር፣ ከሁለተኛው አልበም ዘፈኖች አንዳንዶቹ እኮ ከመጀመሪያው አልበም በፊት በ1986 የተቀዱ ናቸው፣ እንደገና ተሰርተው ነው የገቡት። ጊታሪስቱ ትሬይ አዛግቶዝ ደግሞ አልበሙን ለሞዛርት ነው መታሰቢያ ያደረገው፣ ስለዚህ እነዛ ለስላሳ ቦታዎች ሰው ሳያስብ የገቡ አይደሉም።

ማታ ኢርፎን አድርገህ ከመጀመሪያው ጀምረህ ስማው፣ ዴሶሌት ዌይስ የምትለዋን እንዳትዘላት አደራ። ሌላው ጊታሪስት ሪቻርድ ብሩኔል በአኩስቲክ ጊታር ነው የሚጫወታት፣ እሷ እንዳለቀች ዲ ኤንሸንት ዋንስ ይመጣል፣ ከ1986ቱ አንዱ እሱ ነው።