«ባለቤቴ ለሰው ማዘን አቁማለች»

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ቴኔሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ፣ ዶነልሰን የሚባል ሠፈር ነው። የሠፈራችን የአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ቡድን አባል ነኝ። የካቲት 24 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የአድዋ በዓል አልፎ ሌሊቱ እንደተጋመሰ፣ ቶርኔዶ የሚባለው አውዳሚ አዙሪት ነፋስ በአጠገባችን አለፈ። ቤተሰቤ ደህና ስለነበሩ ሄልሜቴን አድርጌ ወጣሁ። ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ያሉት ቤቶች ጣሪያ የላቸውም። ጋዝ ይሸታል። አንዲት አሮጊት መኝታ ቤታቸው ተደርምሶባቸው ስማቸውን እየጠራን አወጣናቸው፤ እጄን ይዘው አልለቅም አሉ። ቤት የገባሁት ሲነጋ ነው። ዛሬም ማዕበል በመጣ ቁጥር እወጣለሁ፤ ሌሊት ስልኬ ላይ የማዕበሉን መምጣት የሚያሳየውን ራዳር ሳይ አመሻለሁ። ባለቤቴ ግን ቦርሳዬን ሳነሳ ፊቷን ታዞራለች። በቅርቡ ማስጠንቀቂያ ሲነገር ሳትነግረኝ ልጆቹን ይዛ እህቷ ጋ ሄደች። ማታ ማታ ደግሞ የልጆቹን ጫማ መታጠቢያ ገንዳው አጠገብ ትደረድራለች፤ ተይ ብላት አትሰማም። እንዴት ላስረዳት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያን ሌሊት ቴኔሲ ውስጥ 25 ሰው ሞቷል። በዚያ ጨለማ ወጥተው ሰው ማትረፍዎ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ አሮጊቷ እጅዎን ያልለቀቁት በምክንያት ነው።

ደብዳቤዎን ግን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ስለ ሰው ቤት የጋዙን ሽታ ሳይቀር ጽፈውልኛል። ስለ ራስዎ ቤት የጻፉት ሦስት ቃል ነው፦ «ቤተሰቤ ደህና ስለነበሩ»። ደም አልፈሰሳቸውም ማለትዎ ነው። እርስዎ ከወጡ በኋላስ? መብራት በሌለበት ቤት፣ ልጆቿን መጠለያ ባደረገችው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስተኝታ፣ ሌላ ማዕበል ይምጣ አይምጣ ሳታውቅ፣ እርስዎም ይመለሱ አይመለሱ ሳታውቅ፣ እስኪነጋ እዚያው የነበረች ሴት አለች። ምን እንዳየችና ምን እንዳሰበች ደብዳቤው ውስጥ አንድም ቃል አላገኘሁም። ጠይቀዋት የሚያውቁ አይመስለኝም።

በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርዎት። ፍርሃት ሲመጣ የሚሠራው ያለው ሰው ይቀለዋል። እጁ ይይዛል፣ ያነሳል፣ ይጎትታል፤ ሲነጋም «ይህን አድርጌያለሁ» የሚለው ነገር አለው፣ የሚያመሰግነውም አያጣም። ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ግን ፍርሃቱን የሚያወጣበት ቀዳዳ የለውም። ብዙ ጊዜ ቁስሉ የሚከፋው እሱ ላይ ነው። በዚያ ላይ ወሩ ሳያልቅ ኮቪድ ሁሉንም ቤት ዘጋ። አገራችን ቢሆን ጎረቤት ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ «እንኳን ተረፋችሁ፣ እንዴት አለፋችሁት?» ይባላል፤ ሰውም እያወራ ይወጣለታል። ባለቤትዎ ይህን የሚላት ሰው አላገኘችም።

እነዚያን ጫማዎች እስቲ እንደገና ይዩአቸው። የተሰበረ መስታወት እንዳይቆርጥ በቶርኔዶ ጊዜ ጫማ አጠገብ መኖር እንዳለበት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እሷ በየማታው ልጆቿን ለማትረፍ እየተዘጋጀች ነው፤ ብቻዋን እንደምትሆን አስባ። እህቷ ጋ መሄዷም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ለሰው ማዘን አቁማለች በሚለው አልስማማም። የሠለጠኑበት ትምህርት ራሱ ተራውን ሲያስቀምጥ ራስን፣ ቤተሰብን፣ ከዚያ ጎረቤትን ይላል።

ስለዚህ ማስረዳቱን ለጊዜው ይተዉት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ያን ሌሊት እኔ ከወጣሁ በኋላ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቋት፤ ስትናገር አይመልሱላት፣ ምክንያትም አይስጡ። መጀመሪያ ዝም ልትል ወይም ልትቆጣ ትችላለች፤ ይታገሷት። ለሚቀጥለው ማስጠንቀቂያ ማን ቤት እንደሚቀር አብራችሁ ብትወስኑ ሳይረዳ አይቀርም፤ ምናልባት አንዳንዱን ሌሊት እርስዎ መቅረት ይኖርብዎታል።

ራዳር እያዩ ማምሸትዎም ያሳስበኛል። ከአደጋ በኋላ እንቅልፍ ማጣትና ነቅቶ መጠበቅ ከወር ሲያልፍ ባለሙያ ሊያየው ይገባል፤ የእናንተ ደግሞ ዓመታት አልፎታል። አሜሪካ ውስጥ በአደጋ ለተጨነቁ ሰዎች 24 ሰዓት የሚሠራው መስመር 1-800-985-5990 ነው። ከዚያ በላይ የምመክረው ግን ሁለታችሁም አንድ ክፍል ውስጥ የምትቀመጡበትን የትዳር አማካሪ ነው። በደብዳቤ የሰማሁት የእርስዎን ብቻ ነውና።