አምቡ ባጉ «ልል» ሲል

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ከሚሠሩ አዋላጅ ነው። አምቡ ባግ ማለት መተንፈስ ላቃተው ሰው በእጅ እየተጫኑ አየር የሚሰጡበት ከረጢት ነው። ጥያቄውን አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«የጨቅላ አምቡ ባጋችን ታጥቦ ከተገጠመ ወዲህ ስንጫነው ልል ነው። የልምምድ አሻንጉሊቷ ላይ ስንሞክረው ደረቷ አይነሳም። ባለፈው ሳምንት ሳያለቅስ የተወለደ ልጅ ገጥሞን፣ አሮጌውን ከመጋዘን አውጥተን ነው የተረፍነው። ሌላው ደግሞ አንድ ባልደረባችን ‹የታፈነ ልጅ ሰውነቱ ቢቀዘቅዝ አንጎሉ ይተርፋል የሚል ጥናት አለ፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ማሞቂያውን እናጥፋለት› ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሲስተር፣ ማሞቂያውን አያጥፉ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ባጉ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። ኤክስሬይ ሲቆም ስልኬ ፋታ የለውም። አልትራሳውንድ ሲጨልም ሌሊትም ይደወላል። ስለ አምቡ ባግ ግን የሚደውልልኝ ሰው በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። መብራት አይፈልግ፣ ስክሪን የለው፣ ሲበላሽም አይጮህ። ዝም ብሎ ይበላሻል። መበላሸቱ የሚታወቀው ደግሞ ልጁ አልጋ ላይ ሲሆን ነው።

«ልል ነው» ማለትዎ ግማሹን ነግሮኛል። አየሩ የልጁ አፍና አፍንጫ ላይ ወደሚገጠመው ማስክ ሳይደርስ በሌላ በኩል እየወጣ ነው። በየት በኩል? ይህን እዚያው በአንድ ደቂቃ ያገኙታል።

ማስኩን ያውልቁ። የባጉን መውጫ በመዳፍዎ ጥፍን አድርገው ይድፈኑ። በሌላው እጅዎ ባጉን ጫን ያድርጉት። ጤነኛ ባግ ይታገልዎታል። ጠንከር አድርገው ሲጫኑ አናቱ ላይ ያለችው የግፊት ማስተንፈሻ «ፍስስ» ብላ ትከፈታለች። የጨቅላ ባግ ላይ የምትከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱ 40 ሴንቲ ሜትር ውሃ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ የልጁ ሳንባ እንዳይጎዳ የቆመች ዘበኛ ናት። እጅዎን ሲለቁት ባጉ ወዲያው መሙላት አለበት።

የእርስዎ ባግ ግን አይታገልም። ስለዚህ መውጫውን እንደደፈኑ ቀስ ብለው እየተጫኑ አየሩን ይፈልጉት። እኔ ጉንጬን ነው የማስጠጋው፤ ስስ አየር በጆሮ ባይሰማም ጉንጭ ላይ ይታወቃል። ከጅራቱ በኩል ከወጣ የመግቢያው ቫልቭ (አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ክዳን) ጠፍቷል ወይም ተጣምሟል። ገና በትንሽ ግፊት ከአናቱ ከወጣ ማስተንፈሻዋ ክፍት ቀርታለች። ከአንገቱ፣ ማለትም የልጁ የወጪ አየር ከሚወጣበት ቀዳዳ፣ ከመጣ ግን ችግሩ የዳክዬ አፍ የምትመስለው ቫልቭ ነው። ከመታጠብ በኋላ የመጣ ችግር ስለሆነ እኔ የምጠረጥረው ይቺኑ ነው።

ቫልቯን ያውቋታል። ከሃምሳ ሳንቲም ብዙም የማትበልጥ፣ ስስ፣ መሃሏ የተሰነጠቀ ሲሊኮን። ባጉ ሲጫን ከንፈሮቿ ተከፍተው አየሩን ወደ ልጁ ያሳልፋሉ፤ ጠርዟ ደግሞ የወጪውን ቀዳዳ ይደፍናል። ባጉ ሲለቀቅ ትዘጋለች፣ የልጁ ትንፋሽም በጎን ይወጣል። ከሌለች፣ ከተቀደደች ወይም ከመቀመጫዋ ከተንሸራተተች የሚጫኑት አየር ሁሉ ለክፍሉ ነው። ስትገጠም ከንፈሮቿ ወደ ልጁ መዞር አለባቸው። ተገልብጣ ከገባች ወይም ከንፈሮቿ ከተጣበቁ ደግሞ ባጉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ያኔም ደረት አይነሳም።

ባጉን ፈትተው ይመልከቱ። ከሌለች ወደ ሌላ ቦታ ሳይሄዱ የታጠበበትን ገንዳ ያስሱ። ከሳሙና አረፋ ጋር ተደፍታ ከሆነ ግን የለችም ማለት ነው።

ይህን ስል የማንንም እጥበት ለመንቀፍ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ባግ ፈትቼ አጸዳሁና ገጠምኩ። በአየር ላይ ሁለቴ ጫን ጫን አደረግኩት። ነፋ፣ ሞላ። «ደህና ነው» ብዬ ፈረምኩ። በማግስቱ ተደወለልኝ፤ ልምምድ ላይ ደረት አልነሳም። ቫልቯ የት ተገኘች? በእኔው የመፍቻ ቦርሳ ውስጥ፣ ከብሎኖች መሃል። ልምምድ ላይ መሆኑ በጀኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በአየር ላይ በመጫን ብቻ ባግ አልፈትሽም። አየር ላይማ የተቀደደም ይነፋል።

ስለዚህ ከገጠሙ በኋላ ሁለተኛውን ፈተና ያድርጉ። አንድ ጓንት ከባጉ መውጫ ላይ ያጥልቁና አፉን በላስቲክ ይሰሩት። ባጉን ሲጫኑ ጣቶቹ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ባጉን ለቀው ጓንቱን በቀስታ ሲጫኑት አየሩ በጎኑ ቀዳዳ ይውጣ እንጂ ወደ ባጉ አይመለስ። ይህን ያለፈ ባግ ላይ ልጅ ሊታመን ይችላል። ቀጥሎ ማስኩ ነው፤ ለደህናው ክብደት 1 ቁጥር፣ ለትንሹ 0 ቁጥር። ጠርዙ የተሰነጠቀ ማስክ ያለው ባግ ከተበላሸ ባግ አይሻልም።

ስለ እጥበቱም ትንሽ ልበል። ክፍሎቹን ነጭ ጨርቅ ላይ ይበትኑና ቆጥረው ያስገቡ፣ ቆጥረው ያውጡ። መጀመሪያ በሳሙና ነው። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ። ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፎ ማደር ሲሊኮኑን ይበላዋል። የሚቀቀል ሲሊኮን ከሆነ እኔ 20 ደቂቃ እላለሁ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃችን የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቆላው መተማ ቶሎ የሚበስለው ባቄላ እዚህ የሚያስቸግረን ለዚሁ ነው። ለአንድ ጊዜ ተብሎ የተሠራውን ፕላስቲክ ግን አይቀቅሉት፤ ይጣመማል። ሳይደርቅም አይግጠሙ። የቫልቯን ከንፈሮች የሚያጣብቀው እርጥበት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። አንዳንድ ቦታ የአናቷን ማስተንፈሻ በፕላስተር ጠቅልለዋት አገኛለሁ። «አየር እያስወጣች አስቸገረች» ይሉኛል። ሥራዋ እኮ ነው! የ3 ኪሎ ልጅ አንድ እስትንፋስ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የቡና ሲኒ ሲሶ። የአዋቂ ባግ ደግሞ 1,500 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ከመጋዘን ያወጡት አሮጌው የጨቅላ መሆኑን ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይተው ያረጋግጡ። የጨቅላው 250 አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ባልደረባዎ። ሰውዬው አልዋሸም። ግማሹን ነው ያነበበው።

አንጎል ኦክስጅንና ደም ሲያጣ ጉዳቱ በአንድ ጊዜ አያልቅም። መጀመሪያ ሴሎቹ ጉልበት ያጣሉ። ልጁ መተንፈስ ሲጀምር ትንሽ ያገግማሉ። ከሰዓታት በኋላ ሁለተኛ ማዕበል ይመጣና ያገገመ የመሰለውን ይዞት ይሄዳል። ተመራማሪዎች የሚሮጡት በሁለቱ መሃል ባለችው ክፍተት ነው፤ 6 ሰዓት ያህል ናት። በዚያች ጊዜ ውስጥ የልጁን ሙቀት ወደ 33.5 ዲግሪ አውርዶ ለ72 ሰዓት እዚያው መያዝ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ማሞቅ ነው ሐሳቡ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 208 ልጆችን ተከታትሎ፣ የሞቱትንና ከባድ ወይም መካከለኛ የአካል ጉዳት የገጠማቸውን አንድ ላይ ሲቆጥር፣ ካልቀዘቀዙት 62 በመቶ፣ ከቀዘቀዙት 44 በመቶ ሆነው አገኛቸው። ከዚያ በኋላ በሀብታም አገሮች ሆስፒታሎች መደበኛ ሕክምና ሆነ።

ባልደረባዎ ያላየው ቀጣዩን ነው። በ2021 ይኸው ሕክምና በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ 7 ሆስፒታሎች በ408 ልጆች ላይ ተሞከረ። ሆስፒታሎቹ የጨቅላ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያላቸው ናቸው፤ ማቀዝቀዣውም በኮምፒውተር የሚመራ ነበር። ሞትና ጉዳትን አንድ ላይ ሲያዩት ጥቅም አልተገኘም። ሞት ብቻውን ሲታይ ደግሞ ባሰ፤ ከቀዘቀዙት 42 በመቶ፣ ካልቀዘቀዙት 31 በመቶ ሞቱ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው «በእነዚህ አገሮች አትስጡት» አሉ። እንግዲህ ያ ሁሉ መሣሪያ እያለ እንዲህ ከሆነ፣ እርጥብ ጨርቅና የጠፋ ማሞቂያ ምን ሊያደርጉ ነው? በ2022 ደግሞ ኤሪትሮፖይቲን የተባለው መድኃኒት ከማቀዝቀዝ ጋር ሲሰጥ ይጨምር እንደሆነ በ500 ገደማ ልጆች ታይቶ ጥቅም አላሳየም። ፍለጋው እንደቀጠለ ነው።

ማሞቂያው ላይ ግን የእኔ ድርሻ አለ። ልጁ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ይሁን። ከታፈነ በኋላ የጋለ ልጅም ውጤቱ የከፋ መሆኑ በጥናት ታይቷል፤ ስለዚህ መጋልም መብረድም አይበጅም። የማሞቂያው ችግር ብዙ ጊዜ ማሽኑ ሳይሆን ፕሮቡ ነው፤ ያቺ ቆዳ ላይ የምትለጠፈው ሽቦ። ተላቃ ከወደቀች የክፍሉን ብርድ ታነባለች፤ ማሽኑ ልጁ በረደው ብሎ እሳቱን ይለቅበታል። ከልጁ ጀርባ ስር ከገባች ደግሞ ሙቅ ታነባለች፤ ማሽኑ ያጠፋል፣ ልጁ ይበርዳል። ሆዱ ላይ፣ ከጎድን አጥንቱ ዝቅ ብሎ፣ ለስላሳው ቦታ ትለጠፍ። ስክሪኑ የሚለውንም ብቻ አይመኑ፤ በብብት ቴርሞሜትር አስተያዩት።

ኦክስጅን ሲሊንደር ስለሌለን ዘገየን የሚሉም ይገጥሙኛል። ጊዜው ለደረሰ ልጅ ባጉን 21 በመቶ ኦክስጅን ባለው በክፍሉ አየር መጀመር ነው መመሪያው፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የዓለም አቀፉም ምክር ይኸው ነው። ሲሊንደር ፍለጋ ስትሮጡ የምታልፈው ያቺ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት። በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ መጫኑን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ የማውቀው ያ ባግ በዚያች ደቂቃ መሥራት እንዳለበት ነው።

ቫልቯ ከጠፋች ከሌላ ዓይነት ባግ ነቅለው አያስገቡ። የሚገጥም ይመስልና ጠርዟ ያስተነፍሳል። ባጉ ላይ የተጻፈውን ስምና ቁጥር ፎቶ አንስተው ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ለሚያውቁት ባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ) ይላኩ፤ ቫልቯ ብቻዋን የምትገኝላቸው ዓይነቶች አሉ። እስከዚያው ልሉን ባግ «አይሠራም» የሚል ፕላስተር ለጥፈው ከማዋለጃ ክፍሉ ያውጡት። እዚያው ተንጠልጥሎ ካደረ ሌሊት የገባ ተረኛ ያነሳዋል። አሮጌውን ደግሞ ዛሬውኑ በጓንት ይፈትኑት።