ጨዉ ያለው በርበሬው ውስጥ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ከመጣችሁ 3 ወራችሁ ነው፤ ባለቤትሽ ደም ግፊት አለብህ ተብሏል፤ «ጨው ቀንሱ፣ ቤት አብስሉ» ብለው ሸኝተዋችኋል፤ ሁለታችሁም ሠራተኞች ስለሆናችሁ ከየት እንደምትጀምሪ ግራ ገብቶሻል። እኛም የዛሬ 4 ዓመት ልክ እንደዚያው ነበርን። የአትክልትን ጥቅም ሌላ ሰው ይነግርሻል። እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1. የጨው ዕቃውን ከመደበቅሽ በፊት በርበሬሽንና ሽሮሽን ማን እንዳዘጋጀው፣ ምን እንደገባበት ጠይቂ።

እኔ አልጠየቅኩም። 5 ወር እና ወደ 9 ሺህ ብር የከሰርኩት በዚህ ነው።

ወጥ ላይ ጨው መጨመር ጭራሽ አቁሜ ነበር። ባለቤቴ እየበላ «ጨው ሳይገባበት እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ!» ይለኛል። እኔም በሙያዬ ኮራሁ። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ግፊቱ ሲለካ ግን 160 በ100። በወሩም ያው። መድኃኒቱ ተጨመረ፣ አሁንም ያው።

በአራተኛው ወር የሚለካን ባለሙያ ወረፋ በሚጠብቀው ሰው ፊት «ሴትዮ፣ ቤትሽ የጨው ገበያ ነው እንዴ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔ እንባዬ መጣ። ጨው አልነካም ብዬ ብምል ማን ይስማኛል? «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ ካርዱን ወረወረልኝ። በንዴት ተነስቼ ባሌን ወደ ግል ሕክምና ወሰድኩት። የኩላሊት ምርመራ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ያልታየ ነገር አልቀረም። ሁሉም ደህና። ብሩ ግን ሄደ።

ኅዳር ላይ ይርጋለም አማቴ ዘንድ በርበሬ ላግዛቸው ሄድኩ። የምንበላውን በርበሬና ሽሮ ድሮም እሳቸው ናቸው የሚልኩልን። የገበያ በርበሬ ባዕድ ነገር አለው እያልኩ አንድም ቀን ገዝቼ አላውቅም። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ደርቋል። ቅመሙ ተደባልቋል። ወደ ወፍጮ ሊላክ ሲል አማቴ አንድ ኪሎ ጨው አውጥተው ዘረገፉበት።

«እማማ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ጨው ነዋ! በርበሬ ያለ ጨው ተፈጭቶ ያውቃል?»

እዚያው ቁጭ አልኩ። እስቲ አብረን እናስላው። ዛላው 5 ኪሎ ነበር፤ ፍሬውና ጭራው ወጥቶ፣ ቅመምና ጨው ገብቶበት 6 ኪሎ ያህል ሆነ። ስለዚህ በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ከ160 ግራም በላይ ጨው አለ። እኔና ባሌ በወር አንድ ኪሎ እንጨርሳለን። ለአንድ ሰው በቀን 2.7 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ከግማሽ በላዩን በርበሬው ብቻ በልቶታል። ሽሮውም ሲፈጭ ጨውና በርበሬ ገብቶበታል። ጠዋት የዳቦ ቤት ዳቦ አለ። እሱም ጨው አለው። ምሳ ደግሞ ባሌ ውጭ ነው የሚበላው፣ ዳጣውን፣ ያንን ጨው ያለበት የቃሪያ ማባያ፣ በማንኪያ። እኔ ደግሞ በሙያዬ እኮራለሁ!

እስካሁን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ያ ሁሉ ባለሙያ «በርበሬያችሁ ጨው አለው?» ብሎ አለመጠየቁ። እዚያ ወረፋ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ እኮ ወጥ የሚበላ ነው።

2. ያለ ጨው አስፈጪ፤ ግን ተዘጋጅተሽ ሂጂ።

መጀመሪያ የአማት ነገር አለ። «በርበሬዎ ልጅዎን እያመመው ነው» እንዴት ይባላል? ባሌ ራሱ እንዲነግራቸው አደረግኩ። ሁለት ወር አኮረፉኝ። እሱን ሳይሆን እኔን! ከዚያ ወፍጮ ቤቱ። ሁለት ኪሎ ይዤ ብሄድ ሰውዬው «ለዚች ነው ሞተር የማስነሳው?» አለኝ። ጨው የለውም ስለው ደግሞ «ታዲያ ምኑን በርበሬ ሆነ» ብሎ ሳቀብኝ። አሁን ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ተሰብስበን በጠዋት እንሄዳለን። በጠዋት ያልኩሽ በምክንያት ነው፤ ከሌላ ሰው በርበሬ ቀጥሎ ከገባ ወፍጮው ውስጥ የቀረው የሱ ጨው ካንቺ ጋር ይወጣል። ሐዋሳ ሙቀት ስለሆነ ጨው የሌለውን በርበሬ በደንብ አድርቂው፤ የወሩን አስቀርተሽ ሌላውን ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። የኔ አንድ ዓመት ቆይቷል፣ አልነቀዘም።

መጀመሪያ ሰሞን ወጡ አፈር አፈር ይላችኋል። አይዞሽ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በዝግታ አቁላዪው፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አብዢ፤ ሲወጣ ኮረሪማ ነስንሺበት። ሎሚ ጠረጴዛ ላይ አይጥፋ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባሌ የሰው ቤት ወጥ ሲበላ «ጨው በዛበት» ማለት ጀመረ። የወጥ ማጣፈጫ ኪዩብ ካለሽ ግን ጣዪው፣ አብዛኛው ጨው ነው።

3. ዓሣ። ሐይቅ ዳር ተቀምጠሽ ዓሣ ካልበላሽ ምን ልትበዪ ነው? ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውረጂ፣ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች እየተጋፋሽም ቢሆን። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ግዢ፣ እዚያው ያጸዱልሻል። ቤት ወስደሽ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ በደንብ አብስዪው። ጨው ሳይገባው የሚጣፍጥ እሱ ነው። ጥሬውን በዳጣ ብሉ ይሏችኋል፤ እኔ አልነካውም፣ ጥገኛ ትል አለ።

ሁለታችንም ሠራተኞች ነን ላልሽው፣ እሑድ አንድ ድስት ቁሌት ሠርቼ ለአራት ከፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ማታ ምስር ከሆነ 30 ደቂቃ፣ ሽሮ ከሆነ 15 ደቂቃ ነው። መብራት የጠፋ ቀን ግን እንደ አዲስ አበባ ነገ ይደርሳል አትበዪ፤ እዚህ ቶሎ ይበላሻል። ሊጡም ቶሎ ነው የሚኮመጥጥ፣ እኔ የመጀመሪያውን ቡሃቃ ደፍቼዋለሁ።

ክኒኑን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። የባሌ ግፊት አሁን 130 በ80 አካባቢ ነው፤ መድኃኒቱን የቀነሰለት ሐኪሙ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ያ «የጨው ገበያ» ያለኝ ሰው ግን አሁንም እዚያው አለ። ቁጥሩን ሲያይ ዝም አለ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

አማቴም ታርቀውኛል። ባለፈው ፋሲካ መጥተው ወጤን ቀመሱና «ደህና ነው፣ ኮረሪማ ግን አንሶታል» አሉ። ከሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የምናስፈጨው በሚመጣው ወር ነው፣ እዚሁ ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር። ሁለት ኪሎ ዛላሽን አድርቀሽ ነይ። ወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ለኔ ተይልኝ።