ከሳምንት ሳምንት የሚገነፍል ቢራ፦ ስኳሩን ተወው፣ ቧንቧውን ፍታው

አንድ አንባቢ የላከልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይኸው።

«ጋሼ፣ ያገለገለ የጀማሪ ኪት ገዝቼ ቤቴ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው 20 ሊትር ሲጀምር በሃይድሮሜትር (የፈሳሹን ጥግግት በሚለካው መሣሪያ) 1.045 ነበር። በ14ኛው ቀን 1.012 ላይ ቆመ። ሦስት ቀን በተከታታይ ለካሁት፣ ንቅንቅ አላለም። 130 ግራም ስኳር ጨምሬ ጠርሙስ ውስጥ ሞላሁት። በሁለተኛው ሳምንት ግሩም ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ግን ቆርኪው ሲነሳ ግማሹ ገንፍሎ ይፈሳል። ጣዕሙም ቀጥኗል፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ጓደኛዬ ‹ስኳር አብዝተህ ነው› ሲለኝ ሁለተኛውን ዙር በ80 ግራም ሞላሁት። እሱም ያው ሆነ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጠርሙስ ሌሊት ፈነዳ። የመሙያው ባልዲ ቧንቧ ሲገዛ ያንጠባጥብ ስለነበር ጓደኛዬ በሲሊኮን ደፍኖልኛል፣ አሁን ችግር የለውም። የመጨረሻዎቹን አራት ጠርሙሶች ቧንቧው ስለማይደርስበት በቱቦ ስቤ ነው የሞላኋቸው፤ እነሱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ዙር ቧንቧ በሌለው ባልዲ ውስጥ እየተብላላ ነው። ስኳሩን ስንት ላድርገው?»

ወንድሜ፣ ስኳሩን እንደርስበታለን። መጀመሪያ ስለ ዓይንህ እናውራ።

የቀሩትን ጠርሙሶች ባዶ ፊትህን ይዘህ እንዳትነካቸው። አንዱ ከፈነዳ ሌሎቹም ጫፍ ላይ ናቸው። ቀድሞ የፈነዳው ምናልባት መስታወቱ ደከም ያለው ነው እንጂ ጋዝ የበዛበት እሱ ብቻ ሆኖ አይደለም። ከጎንም የሚሸፍን የሥራ መነጽር አድርግ። የማንበቢያ መነጽር አይበቃም። ወፍራም ጓንትና እጅጌ ሙሉ ወፍራም ልብስ ልበስ። እኔ ራሴ የፈነዳ ጠርሙስ ስባሪ ከእንጨት መደርደሪያ ውስጥ በፒንሳ ነቅዬ አውቃለሁ። ጣውላው ውስጥ የጥፍር ያህል ገብቶ ነበር። ያ ዓይን ቢሆን ኖሮ ብለህ አስበው።

ልጆች ካሉ ከክፍሉ ይውጡ። ጠርሙሶቹ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣል አድርግባቸው። ከዚያ ጥቂት ጥቂቱን ክዳን ባለው ጠንካራ ሳጥን እያደረግህ ወደ ፍሪጅ ውሰድ። አታንገጫግጫቸው። አንድ ሙሉ ቀን ይቀዝቅዙ። ቅዝቃዜ ጋዙን መልሶ ቢራው ውስጥ ስለሚያሟሟው ግፊቱ ይወርዳል። በረዶ ቤት ውስጥ ግን አታስገባቸው፤ ቢራው በረዶ ሲሆን እየሰፋ ሄዶ ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል። ከቀዘቀዙ በኋላ ማጠቢያው ውስጥ አንድ በአንድ አስቀምጥ፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልል፣ ቆርኪውን በመክፈቻው ትንሽ ብቻ ቀና አድርገህ «ፍስስ» እስኪል ጠብቅ። ፊትህ ከጠርሙሱ አፍ በላይ እንዳይሆን። አንድ የገነፈለና ከአራቱ ደህናዎች አንዱን ለልኬት አስቀርልኝ። የቀረውን ድፋው። የተበላሸች ቢራ ናት፣ አትዘንላት።

አሁን ወደ ነገሩ። ደብዳቤህን ሳነብ ግምቴ አንድ ቦታ ሄዶ ቆመ፦ ቧንቧው።

እንዲህ ነው ያየሁት። ስኳር በዝቶ ቢሆን ቢራው በሁለተኛው ሳምንትም ይገነፍል ነበር። በዚያ ላይ 130 ግራም ለ20 ሊትር 6.5 ግራም በሊትር ነው፣ ልክ ነው። ስኳሩ በደንብ ሳይቀላቀል ቀርቶ ቢሆን ከመጀመሪያው አንዱ የሞተ፣ አንዱ የሚገነፍል ይሆን ነበር። ቀንሰህም አልዳነም። ያንተ ቢራ ደህና ሆኖ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የከፋው። ይሄ ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ሌላ በላተኛ እንዳለ ይነግረኛል። ሳይኮመጥጥ ቀጥኖ የቅርንፉድ ሽታ ማምጣቱ ደግሞ በላተኛው ባክቴሪያ ሳይሆን የዱር እርሾ ነው ያሰኘኛል። ከሁሉ በላይ ግን እነዚያ አራት ጠርሙሶች! ቢራው ያው፣ ስኳሩ ያው፣ ባልዲው ያው። በቧንቧው ያላለፉት ብቻ ደህና ሆኑ። አንተ እግረ መንገድህን ጻፍከው እንጂ የጥያቄህ መልስ እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ነገር ረዘም አድርጌ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም ይሄን የተረዳ ሰው ሁለተኛ በስኳር አይጨነቅም።

ብቅል ሲጠመቅ የሚወጣው ስኳር አንድ ዓይነት አይደለም። ስኳርን እንደ ዶቃ አስበው። አንድ ዶቃ ግሉኮስ ነው። ሁለት የተያያዙ ዶቃዎች ማልቶስ ናቸው፤ በቢራ ጭማቂ ውስጥ የሚበዛው እሱ ነው። ሦስት ሲሆኑ ማልቶትሪዮስ። ከዚያ በላይ ያሉት ረጃጅም ክሮች ዴክስትሪን ይባላሉ። ከኪትህ ጋር የመጣው እርሾ አንዱንና ሁለቱን ዶቃ ጥርግ አድርጎ ይበላል፣ ሦስቱንም አብዛኛውን ይበላል። ረጃጅሞቹ ግን አፉ ውስጥ አይገቡም። የሚቆርጥበት መቀስ የለውም። ስለዚህ ይተዋቸዋል። ያንተ ቢራ 1.012 ላይ የቆመው ለዚህ ነው። የቀረው ዴክስትሪን ነው ቢራውን ምላስ ላይ ወፈር የሚያደርገው።

ከዱር እርሾዎች መካከል ግን መቀስ ያላቸው አሉ። ጠማቂዎች በጣም የሚፈሩት ዲያስታቲከስ የሚባለው ነው። የተራው የቢራ እርሾ የቅርብ ዘመድ ነው፣ በማይክሮስኮፕ ብታየው እንኳ አትለየውም። ልዩነቱ አንድ ኢንዛይም ወደ ቢራው መርጨቱ ነው፤ መቀሱ ማለት እሱ ነው። ኢንዛይሙ የረጅሙን ክር ዶቃ ከጫፉ አንድ አንድ እያለ ይቆርጣል። የተቆረጠው ግሉኮስ ነው፣ ወዲያው ይበላል። ሥራው ቀስ ያለ ነው፣ ሳምንታት ይፈጃል። ለዚህ ነው በሁለተኛው ሳምንት ምንም ያልታየህ። ቢራህ የቀጠነውም ወፍራም የሚያደርገው ነገር ስለተበላ ነው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከት። ሃይድሮሜትሩ ላይ አንድ ነጥብ፣ ማለትም ከ1.012 ወደ 1.011 መውረድ፣ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ የቢራውን መጠን ግማሽ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል። የተለመደ ቢራ የራሱን መጠን 2.5 እጥፍ ጋዝ ይይዛል፤ ይህ በ20 ዲግሪ ወደ 2 ባር ግፊት ነው፣ የመኪና ጎማ ያህል። የዱር እርሾው 1.012ን ወደ 1.004 ቢያወርደው 8 ነጥብ ነው። 4 እጥፍ ጋዝ ተጨመረ ማለት ነው። በድምሩ 6.5 እጥፍ፣ ከ6 ባር በላይ ግፊት። ይሄ የሻምፓኝ ጠርሙስ ግፊት ነው፣ የሻምፓኝ ጠርሙስ ደግሞ ለዚሁ ተብሎ በወፍራም መስታወት ነው የሚሠራው። የቢራ ጠርሙስ 3 እጥፍ አካባቢ ሲደርስ ነው መጠንቀቅ ያለብህ። ስኳሩን ከ130 ወደ 80 ግራም ስትቀንስ ያዳንከው ከአንድ እጥፍ በታች ነው። እሳቱ ቤቱን እየበላ ሻማ እንደማጥፋት ነው።

ግምት ግምት ነው፣ እናረጋግጥ። ያስቀረኸውን የገነፈለ ቢራ ከብርጭቆ ብርጭቆ ደጋግመህ እየገለበጥክ ጋዙን አስወጣ። አረፋ ሃይድሮሜትሩን ወደ ላይ ስለሚያነሳው ንባቡን ያሳስትሃል። 20 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ለካው። ከደህናው ጠርሙስም እንዲሁ። ደህናው 1.012 አካባቢ፣ የገነፈለው 1.008 ወይ ከዚያ በታች ካለ ጉዳዩ አለቀ። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ግን ቧንቧውን ያለ ጥፋቱ ከስሼዋለሁ፣ ብክለቱ ከማብላያው ባልዲ ጀምሯል ማለት ነው። ከመለካትህ በፊት ሃይድሮሜትሩን በ20 ዲግሪ ንጹህ ውሃ ፈትነው፣ 1.000 ማለት አለበት። ርካሾቹ ውስጥ ያለው ወረቀት እየተንሸራተተ ስንቱን ሰው አሳስቷል!

ወደ ቧንቧው እንምጣ። እነዚህ ከኪት ጋር የሚመጡ ስስ የፕላስቲክ ቧንቧዎች ያበግኑኛል። ባለቤቱ አንድ ወጥ ይመስሉታል፣ ግን ሁለት ቁራጭ ናቸው፦ ውጪኛው አካልና ውስጡ የሚዞረው ቱቦ። በሁለቱ መካከል ቢራ ይገባል፣ አይወጣም። ጓደኛህ በሲሊኮን ሲደፍነው ቧንቧው ጨርሶ የማይፈታ ሆነ። ያ ማለት ከአንተ በፊት የነበረው ባለቤት የተወው ቆሻሻ ጭምር ታሽጎ ተቀመጠ። ደግሞስ የምን ሲሊኮን ነው? የመታጠቢያ ቤቱ ዓይነት ሻጋታ መከላከያ ኬሚካል አለው፣ ለምግብ ዕቃ አይሆንም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የሚፈልገው አዲስ የጎማ ቀለበት ነው፤ በእጅ ማጥበቅ በቂ ነው።

ሲሊኮኑን በምላጭ ላጠው፣ ቧንቧውን አውጣ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ዘፍዝፈህ የውስጡን ቱቦ በአውራ ጣትህ ግፋው፣ ጠብ ይላል። እዚያ መካከል ቡናማ፣ እንደ ቀጭን ገንፎ የሚያሟልጭ ነገር ታገኛለህ ብዬ እጠብቃለሁ። አሽትተው። ከዚያ ቧንቧውን ጣለው። አጥበህ ልታድነው አትሞክር፣ የሚያዋጣ አይደለም። የተጫረ ከሆነ ባልዲውንም ቀይረው፤ የእርሾ ሴል ከጭረቱ በብዙ እጥፍ ያንሳል፣ እዚያ ከገባ ብሩሽ አያገኘውም። ውስጡ የደፈረሰ ቱቦም እንዲሁ ይጣል።

አዲሱን ቧንቧ በየዙሩ ፍታው። በየዙሩ። መጀመሪያ በሶዲየም ፐርካርቦኔት ዓይነት ማጽጃና በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ ሳኒታይዘር፣ ማለትም ጀርም ገዳይ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፣ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ሳኒታይዘር ከንቱ ነው። እንደ ስታር ሳን ያለውን አሲድ አዘል ሳኒታይዘር ከተጠቀምክ በረኪና አጠገቡ አይድረስ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ጠርሙሶቹ ይድናሉ። በዚያው ማጽጃ ሌሊቱን ይዘፍዘፉ፣ በብሩሽ ይታሹ፣ ብርሃን ላይ ይታዩ። አንገታቸው ላይ ቀለበት የመሰለ ነጭ መስመር የቀረባቸውን አትመልሳቸው። አፋቸው የተሸረፈውንም።

ሦስተኛውን ዙር በተመለከተ፣ ተረጋጋ። ቧንቧ ስላላገኘው ተስፋ አለው። በኤርሎኩ (ክዳኑ ላይ ያለው፣ ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባው ቱቦ) መንቀልቀል አትፍረድ፣ ክዳኑ ጋዝ የሚያሳልፍ ከሆነ ቢራው ሳያልቅም ዝም ሊል ይችላል። ሲቆም ለካው፣ በሦስተኛው ቀን ድገም፣ በሳምንቱም አንዴ ድገም። ከ1.012 በታች መንሸራተት ከጀመረ ጠርሙስ ውስጥ አታስገባው። ካልተነቃነቀ 120 ግራም ስኳር በጥቂት ውሃ አፍላ፣ አቀዝቅዝ፣ ንጹህ ባልዲ ውስጥ ከቢራው ጋር ቀስ ብለህ አዋህድና በአዲስ ቱቦ ስበህ ሙላ። ቧንቧ የሚባል ነገር በዚህኛው ዙር አትንካ።

ከሞላኻቸው መካከል አንዱ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሁን። ከሌሎቹ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አኑረው። በየሦስት ቀኑ ጨመቅ አድርገው። በሁለተኛው ሳምንት ጠንከር ማለቱ ደንብ ነው። በአራተኛው፣ በአምስተኛው ሳምንት እንደ ድንጋይ ሆኖ አውራ ጣትህን አላስገባ ካለ፣ የመስታወቶቹን ሳጥን ሳትከፍት መነጽርህን አድርግ።