የሚወዱት ርቀት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና የሩጫ ዓምዳችን መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ማራቶን ሳይሮጡ ሯጭ መሆን ይቻላል? አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ለስድስት ዓመታት ታላቁ ሩጫ አንድም ጊዜ አላመለጠኝም። 10 ኪሎ ሜትር ደስ ይለኛል፤ ሮጬ ገብቼ ከሰዓት በኋላ ከልጆቼ ጋር እጫወታለሁ። ጓደኞቼ ግን «እስከ መቼ አስር ላይ ትቀራለህ? ማራቶን ሳትሮጥ ሯጭ ነኝ አትበል» ይሉኛል። አምና ልሞክረው ብዬ ረጅም ሩጫ ጀምሬ ነበር። 20 ኪሎ ሜትርን ሳልፍ ስልችት ይለኛል፤ ጭራሽ እሑድ ሲመጣ መጥላት ጀመርኩ። ፈሪ ሆኜ ነው? (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ፈሪ አይደሉም። የጓደኞችዎ አነጋገር ከየት እንደመጣ ግን ይገባናል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ማሞ ወልዴ ደግሞ በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ካሸነፉ ወዲህ፣ «ሯጭ» ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩ ነው። ይሁንና ምሩጽ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ ያመጣቸው ሁለት ወርቆች የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ናቸው፤ እሱን ጎደሎ ሯጭ ያለው ማንም የለም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ያሸነፈችው በ10 ሺህ ሜትር ነው። ገንዘቤ ዲባባ በ2015 ሞናኮ ላይ የዓለም ክብረ ወሰን ያሻሻለችው በ1,500 ሜትር ነበር። ቀነኒሳ በቀለ የመጀመሪያ ማራቶኑን ፓሪስ ላይ የሮጠው በ2014 ሲሆን፣ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን ከሰበረ አሥር ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። ትዕግሥት አሰፋ ደግሞ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨረሰች። እነዚህ ሁሉ ሰውነታቸውና ፍላጎታቸው በወሰዳቸው ርቀት የሠሩ ናቸው።

ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚሰማዎት ነገር የሰነፍ ምልክት እንዳልሆነ በሒሳብ እናሳይዎት። ሯጭ በአንድ ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 1 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለ10 ኪሎ ሜትር 650፣ ለማራቶን ግን 2,700 ገደማ ያስፈልገዋል። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚጠራቀመው ስኳር 2,000 ቢሆን ነው። ሰውነት ስብም ስለሚያቃጥል ክምችቱ ወዲያው አያልቅም፤ ቢሆንም ብዙ ሰው 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ እግሩ እንደ እርሳስ የሚከብደው ለዚህ ነው። ስለዚህ የማራቶን ልምምድ ግማሹ ሥራ ሰውነትን ስብ ማቃጠል ማስለመድ፣ ሆድን እየሮጡ መብላት ማስተማር ነው። 10 ኪሎ ሜትር ይህን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትንፋሽ ሊያመልጥ በተቃረበበት ፍጥነት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል መቆየትን ነው፤ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ስድስት ዓመት ከሮጡት አሁን ጠለቅ ይበሉበት። ማክሰኞ ለ15 ደቂቃ ካሟሟቁ በኋላ ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ ይሩጡ፤ ፍጥነቱ ሦስት አራት ቃል እንጂ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የማያስወራ ይሁን። ሐሙስ ዳገት ላይ ስምንት ጊዜ 45 ሰከንድ ወጥተው በእርምጃ ይውረዱ። ቅዳሜ 40 ደቂቃ ቀስ ብለው፣ እሑድ ከ12 እስከ 14 ኪሎ ሜትር እያወሩ ይሩጡ። ቢቻል የእሑዱ ኮሮኮንች ላይ ይሁን፤ ባትና ጉልበት ከአስፋልቱ ያርፋሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር እና ከዚያ በላይ ስለሆነች፣ ከውጭ የተቀዳ ፕሮግራም ላይ ያለውን ፍጥነት እንዳለ አይውሰዱ። በዙሮቹ መካከል «2 ደቂቃ እረፍት» የሚለውን 3 ያድርጉት።

ብዙዎች ለዓመታት ሰዓታቸው አንድ ቦታ የሚቆመው በአንድ ምክንያት ነው፦ ሁሉንም ቀን መካከለኛ ፍጥነት ላይ ይሮጣሉ። ቀላሉ ቀን አይቀልም፣ ከባዱም አይከብድም። ሌላ አንድ ነገር፦ ታላቁ ሩጫ ላይ ያስመዘገቡት ሰዓት ልክዎን አይናገርም። ሕዝቡ መካከል የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በእርምጃ ሊጨርሱት ይችላሉ። እዚያ በዓሉን ያክብሩ፤ ሰዓትዎን በሌላ ቀን፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ ይለኩ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የትኛውን እንደምወድ ራሱ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሮጫለሁ፤ አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 15። በምን ልለየው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው። ስምንት ሳምንት ይስጡትና ሦስት ሙከራ ያድርጉ፦ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 5 ኪሎ ሜትር፣ በአምስተኛው 10፣ በስምንተኛው 16። ሁሉንም በጠዋቱ ቅዝቃዜ፣ ከ12 ሰዓት በፊት ወይም በዚያ አካባቢ ይጀምሩ። በእያንዳንዱ ሙከራ ዋዜማ ከባድ ልምምድ አይሥሩ። ስልክ ርቀትን አንዳንዴ ስለሚያዛባ 5ቱን ቢያንስ መም ላይ ቢሮጡት ጥሩ ነው፤ በውስጠኛው መስመር 12 ዙር ተኩል ማለት ነው።

ከዚያ ሁለት ነገር ያያሉ። አንደኛው ቁጥር ነው። የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓትዎን በ2.085 ያባዙ። 25 ደቂቃ ከሮጡ 52 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይመጣል። 10ሩን ከዚህ ፈጥነው ከጨረሱ ሰውነትዎ ወደ ጽናት ያደላል፤ በጣም ከዘገዩ ወደ ፍጥነት። አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፦ በሳምንት ከ25 ኪሎ ሜትር በታች የሚሮጥ ሰው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ «ፈጣን» ሆኖ ይወጣል። ተፈጥሮው ሆኖ ሳይሆን ርቀት ስለሚያንሰው ነው። ስለዚህ ቁጥሩን የሚያምኑት ልምምዱ ሲበቃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ እኛ የበለጠ የምናምነው፣ ከሙከራው ሁለት ቀን በኋላ የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። «ውድድሩ ደስ አለኝ?» ብለው አይጠይቁ፤ በሕዝብ መካከል ሁሉም ውድድር ደስ ይላል። «ለዚህ ርቀት የሚያስፈልገውን ማክሰኞ፣ ከሥራ በፊት፣ ብቻዬን፣ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ልሥራው?» ብለው ይጠይቁ። የ5 ኪሎ ሜትር ማክሰኞ አምስት ጊዜ 1,000 ሜትር ሲሆን ከያንዳንዱ በኋላ የ3 ደቂቃ ሶምሶማ አለው፤ ያቃጥላል፣ ግን በአንድ ሰዓት ያልቃል። የግማሽ ማራቶን እሑድ 18 ኪሎ ሜትር ሆኖ የመጨረሻዎቹ አምስቱ በውድድር ፍጥነት የሚሮጡ ናቸው። አንዱ ሰው በመጀመሪያው ይታነቃል፣ ሌላው በሁለተኛው ይሰለቻል። ቁጥሩ «ፈጣን ነህ» ቢልዎትና ልብዎ ግን በጣና ዳር ሁለት ሰዓት ቀስ ብሎ መሮጥን ቢወድ፣ ልብዎን ይስሙ። የሚወዱትን ርቀት ዓመቱን ሙሉ ስለሚለማመዱት በመጨረሻ እሱ ይሻሻላል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ለጥቅምት ማራቶን ተመዝግቤ ከፍያለሁ። ሁለት ሥራ ነው ያለኝ፤ በሳምንት መሮጥ የምችለው ሦስት ቀን ብቻ ሲሆን ድምሩ 35 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 22ቱን ቅዳሜ በአንድ ጊዜ እሮጣለሁ። የሐምሌ ወበቅ አለ፣ ቅልጥሜን ያመኛል፣ አርብ ማታ ሳስበው ያስለቅሰኛል። ብተወው ገንዘቤ ይቃጠላል፤ ተሸነፍኩም ማለት ነው። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እህታችን፣ የችግሩ ግማሽ ራስዎ በጻፏቸው ቁጥሮች ውስጥ ነው። 22 ኪሎ ሜትር ከ35ቱ ውስጥ 63 ከመቶ ነው። ረጅሙ ሩጫ ከሳምንቱ ድምር ከሲሶ እስከ 40 ከመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ሲበልጥ፣ በሌሎቹ ቀናት ያልጠነከረ እግር በአንድ ቀን ሁሉንም ይሸከማል፤ ቅልጥምና የተረከዝ ጅማት መጀመሪያ የሚጮኹትም ለዚህ ነው። ማራቶን በሥርዓት ለመሥራት በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን፣ ለ16 ሳምንት ያህል ያስፈልጋል። ያ ጊዜ አሁን ሕይወትዎ ውስጥ የለም። ይህ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ እንጂ የእርስዎ ጉድለት አይደለም።

ስለዚህ ዛሬውኑ የውድድሩን ደንብ ይክፈቱ። ግማሽ ማራቶን ወይም 10 ኪሎ ሜትር አብሮ የሚያካሂድ ውድድር ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ እስከ አንድ የተወሰነ ቀን ድረስ ወደ አጭሩ ርቀት መቀየር ይፈቀዳል፤ ቀኑ ካለፈ ግን አይመለስም። ወደሚቀጥለው ዓመት ማዛወርም የሚፈቅዱ አሉ። ቁጥርዎን ለጓደኛ አይስጡ። አብዛኛው ውድድር ይከለክለዋል፤ ምክንያቱም መንገድ ላይ የወደቀ ሰው የሚታከመው በዚያ ቁጥር በተመዘገበው ስምና መረጃ ነው።

35ቱን ኪሎ ሜትር ለግማሽ ማራቶን እንዲህ ይከፋፍሉት፦ 9 ቀስ ብሎ፣ 12 (ከውስጡ ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ጠንከር ብሎ)፣ 14 ደግሞ ረጅሙ። እግርዎ ከተስማማ ረጅሙን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ኪሎ ሜትር እየጨመሩ 17 ወይም 18 ያድርሱት፤ ሌሎቹንም አብረው ትንሽ ከፍ ያድርጓቸው። በሐምሌ ወበቅ ፍጥነትን ሳይሆን ትንፋሽን ይከተሉ። አየሩ ውሃ ሲያዝል ላብ አይተንም፣ ላብ ካልተነነ ሰውነት አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ልፋት በኪሎ ሜትር 20 እና 30 ሰከንድ መዘግየት የተለመደ ነው። የቅልጥሙ ሕመም ግን አንድ ቦታ ላይ በጣት ሲነኩት የሚወጋ፣ ማታም የማያስተኛ ከሆነ መሮጥ አቁመው ሐኪም ያሳዩት፤ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው የራሴ፤ እሱንም ትሬድሚል ላይ። 5 ኪሎ ሜትር በ28 ደቂቃ መሮጥ እፈልጋለሁ፤ 5 የጀማሪ ነው የሚሉኝን ምን ልበላቸው?

መልስ፦ የጀማሪም የኦሊምፒክ ሻምፒዮንም ርቀት ነው ይበሏቸው። መሠረት ደፋር በ2004 አቴንስና በ2012 ለንደን ወርቅ ያጠለቀችው በዚሁ ነው።

28 ደቂቃ ማለት በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ፣ በማሽኑ በሰዓት 10.7 ኪሎ ሜትር ነው። ተዳፋቱን 1 ላይ ያድርጉት። በሳምንት ሁለት ቀን ስድስት ጊዜ 3 ደቂቃ በ10.7 ይሩጡና በመካከሉ 2 ደቂቃ በ5.5 ይራመዱ። በየሁለት ሳምንቱ 3ቱን ደቂቃ ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 5 ያሳድጉ፤ ድግግሞሹን ወደ አራት ይቀንሱ። በሌሎቹ ሁለት ቀናት 40 ደቂቃ በ8.5 በቂ ነው።

5 ኪሎ ሜትር የሚበላሸው የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሰውነት ገና ስላልተቃጠለ 5 ደቂቃ ከ10 ቀላል ይመስላል፤ ዕዳው ሦስተኛው ላይ ይጠየቃል። እንዲህ ይሞክሩት፦ 5፡40፣ 5፡37፣ 5፡37፣ 5፡38፣ የመጨረሻው 5፡28። አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ እንደሚከብድ አስቀድመው ካወቁ አይደነግጡም። ርቀቱ ሲያጥር ማሟሟቂያው እንደሚረዝምም አይርሱ። 15 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ አራት ጊዜ 20 ሰከንድ ፈጠን ማለት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ማሟሟቂያዎ ውድድሩ ራሱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ያን ጊዜ የትኛው ርቀት ይሻላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አጭሩ። የ5 እና የ10 ኪሎ ሜትር ልምምድ በሰዓት ውስጥ ስለሚያልቅ ከጾሙ ጋር ይስማማል፤ የማራቶኑ ረጅም ሩጫ አይስማማም። ከባዱን ልምምድ ከበሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በኋላ ወደ ማታ ያድርጉት። በጠዋቱ ከሮጡ ከ40 ደቂቃ ያልበለጠ፣ ቀስ ያለ ብቻ ይሁን። ረጅሙን ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ያኑሩት፤ በእነዚያ ቀናት ምግቡ የጾም ቢሆንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይቆዩ ሮጠው ወዲያው መብላት ይችላሉ። ሥጋ በማይበላበት ወቅት ብረት ማዕድን እንዳይጎድልዎ ምስር ወጥ ላይ ሎሚ ይጨምቁበት፤ ቡናውን ደግሞ ከማዕድ አንድ ሰዓት ያህል ያዘግዩት፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል።